የጎረቤት ዓይን ጠባቂ ነው ወይስ ሰላይ?



በአማርኛችን «ፀጉረ ልውጥ» የሚባል አነጋገር አለ። ሰፈሩ የማያውቀው፣ ከየት እንደመጣና የማን ዘመድ እንደሆነ ያልተነገረለት ሰው ማለት ነው። በሰላሙ ጊዜ ቃሉ ብዙም አይሰማም። አገር ሲደፈርስ ግን ከስብሰባውም ከሬዲዮውም ከቡናውም ይወጣል፤ «ፀጉረ ልውጥ ሰው ስታዩ ጠቁሙ» ይባላል። የሚባለውም ያለምክንያት አይደለም። ሌባ አለ፣ አጋች አለ፤ ቤቱን አምኖ የተኛ ሁሉ በደህና አያድርም። ነገር ግን ያ ማሳሰቢያ በተነገረበት ማታ፣ ትናንት አዲስ ተከራይ ሆኖ የገባው ምስኪን መብራቱን አጥፍቶ «ዛሬ ማን አየኝ?» እያለ ሲገላበጥ ያነጋል።

ጥያቄዬ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሰፈርን ሰላም የሚያደርገው የጎረቤት ዓይን ነው፤ ሰፈርን የሚያስፈራውም ያው የጎረቤት ዓይን ነው። አንዱ ዓይን ሁለቱን ሥራ እንዴት ይሠራል? ጠባቂው ከሰላዩ የሚለየውስ የት ላይ ነው?

ብዙ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል። «ሁሉም የራሱን ጉዳይ ይያዝ፤ በሌላው ቤት አይግባ» ይላል። ይህ መልስ የግንብ አጥርና የራሱ ዘበኛ ላለው ሰው ይሠራ ይሆናል። በኪራይ ግቢ ለሚኖረው ለአብዛኛው ሰው ግን አይሠራም። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት። ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በር ዘግቶ መቀመጥ ይከብዳል፤ ስለዚህ በሩ ይከፈትና መጋረጃ ይጣልበታል። በአንድ ግቢ አምስትም ስድስትም ቤተሰብ በየክፍሉ ይኖራል። የውኃ ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃ ቤቱ አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ ነው። ግድግዳው የጭቃ ምርግ በመሆኑ በአንደኛው ክፍል ያነጠሰ ሰው ከሦስተኛው ክፍል «የርሐሙከላህ» ይባላል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ማን ሥጋ እንደገዛ፣ የማን ልጅ ቁርስ ሳይቀምስ ትምህርት ቤት እንደሄደ፣ ማን አምሽቶ እንደገባ ሳትፈልጉ ታውቃላችሁ። ማወቅ ብቻውን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በኪራይ ግቢ መኖር ራሱ ሐራም በሆነ ነበር።

ደግሞም ይህ ዕውቀት ነፍስ ያድናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልላችን 6 ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጥሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ባጃጅ በማይገኝበት፣ መንገዱ ሁሉ ጭር ባለበት በዚያን ወቅት ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት ማን ይደርስላታል? ከመጋረጃዋ ወዲያ የተኛችው ጎረቤቷ ናት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አበው ይህን ስላዩ ነው። በሰፈር ወግ «ኡኡ!» የተባለ እንደሆነ የሰማ ሁሉ ይወጣል፤ ጫማውን እንኳ አይፈልግም።

ጄን ጄኮብስ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ስለ ታላላቅ የአሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ከፖሊሱ ይልቅ የሚጠብቁት በየደጃፉ ያሉት ዓይኖች መሆናቸውን አስረድታለች። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ነገሯ ነው። ሰዎች ለሚመጣ እንግዳ የቤታቸውን ቁልፍ የሚያስቀምጡት አንድ ባለሱቅ ዘንድ እንደሆነ ታነሳለች፤ ያም ባለሱቅ ቁልፉን ተቀብሎ እንግዳው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ የማይመራመር ሰው ነው። በእኛም ሰፈር ቁልፍ የሚቀመጠው ባለሱቅ ዘንድ ነው። ከሦስቱ ባለሱቆች የትኛው ዘንድ እንደሚቀመጥ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ አፉን ከሚይዘው ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይን እንምጣ። በገጠሩ ዘንድ አውጫጭኝ፣ በሌላም ስሙ አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም፤ ካልወጣም ጉዳቱን በጋራ ይከፍላል። ከባድ ሥርዓት ነው፤ ንጹሑንም ያጉላላል። ሆኖም ሰው የሚሰበሰበው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነበር፤ የሚጠየቀውም ስለ ጠፋው በሬ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ከማድረጉም በላይ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌን አቋቋመ። መጀመሪያ ቤት ለማስተዳደርና ሰፈር ራሱን እንዲረዳ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ስኳር የሚያድለው በቤተሰብ ቁጥር ስለሆነ በየቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ ይታወቃል፤ ይህም በራሱ ክፋት የለውም። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀበሌው አብዮት ጥበቃ አስታጠቀ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም፣ በቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ የሚያውቀው ቀበሌ የትኛው ልጅ ማታ እንዳልገባ የሚጠይቅ ሆነ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ የጽሕፈት መኪና የተገኘበት ሰው እንኳ ተጠርጣሪ ነበር። ታላላቆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩልን «ጆሮ ጠቢ» የሚሏቸው ሰዎች አሉ። ከሩቅ የመጡ አልነበሩም፤ ቡና አጣጪዎች ነበሩ። ብዙው ሰው የተጠቆመውም በአድራጎቱ ሳይሆን በቂም ነው፤ የብድር፣ የድንበር፣ የምቀኝነት ቂም በፖለቲካ ስም ተወጣ። በአውጫጭኙ ሜዳ የሚጠየቀው «በሬውን ማን ወሰደው?» የሚል ሲሆን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ መጨረሻ አለው፤ በሬው ሲገኝ ያበቃል። ሁለተኛው መጨረሻ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ አብዛኞቻችን በዓይናችን ያየነው ነውና። «አንድ ለአምስት» ለጤና ትምህርትና ለልማት ተብሎ ተደራጀ፤ በብዙ ቦታ ግን ሰው አምስተኛውን መፍራት ጀመረ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በተስፋፋ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ አከራዮች ተከራዮቻቸውን እንዲከታተሉ ተነገረ። ጥቆማውና እስሩም ማንነትን ወደ መለየት እንዳዘነበለ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ስጋቱን ገልጿል። አዋጁ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ተነሳ። በአከራይና በተከራይ መካከል የገባው ጥርጣሬ ግን በምክር ቤት ድምፅ የሚነሳ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ብዙ ጥርጣሬን፣ ከዚያም የሰውን ነውር መሰለልን፣ ከዚያም ሐሜትን በአንድ አንቀጽ ከልክሏል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት። ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው እንዲሰልል ይገፋፋዋል፤ ያገኘውን ደግሞ ሆዱ ስለማይችለው በቡና ላይ ያፈሰዋል። በሱረቱን ኑር ደግሞ የሌላን ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መግባት ተከልክሏል፤ «ተመለሱ» ከተባላችሁም መመለስ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሰው ደጃፍ ሲመጡ ከበሩ ፊት ለፊት አይቆሙም ነበር፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዘወር ብለው ሰላምታ ያቀርቡ ነበር። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ በሮች መጋረጃ አልነበራቸውም። የኪራይ ግቢ ሰው ይህን ሐዲስ ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ) በኪታቦች የሚወሳ አንድ ታሪክ አለ። ሌሊት ከተማውን ሲቃኙ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰምተው በግንብ ዘልለው ገቡ፤ ሰውየውንም በጥፋት ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ በአንድ ነገር ባጠፋ አንተ በሦስት አጥፍተሃል፣ ሰለልክ፣ በበር ሳይሆን በጓሮ ገባህ፣ ሳታስፈቅድና ሰላም ሳትል ገባህ ብሎ ሞገታቸው። ዑመርም (ረ.ዐ) ትተውት ሄዱ። የሙስሊሞች መሪ፣ ያውም ዑመር፣ በአንድ ጥፋተኛ ደጃፍ ላይ ተረቱ!

እዚህ ላይ ግን አንድ ሰው «እንግዲህ ጎረቤቴ ቢያርድም ቢሰርቅም ዝም ልበል ነው?» ይል ይሆናል። አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘንድ ጺሙ በአስካሪ መጠጥ የረጠበ ነው የተባለ ሰው ቀርቦላቸው ነበር። መሰለል ተከልክለናል፣ ግልጽ ሆኖ የወጣ ነገር ካለ ግን በእርሱ እንይዛለን የሚል መልስ ሰጡ። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ማወርዲም ስለ አስተዳደር በጻፉት ኪታባቸው አንድ ልዩ ሁኔታ አስቀምጠዋል። ታማኝ ሰው መጥቶ «እገሌ እገሌን ሊገድለው ወደ ውስጥ አስገብቶታል» ቢል፣ ካለፈ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ነውና ገብቶ መመርመር ይፈቀዳል። ሌላው፣ ያን ያህል የማይደርሰው ነውር፣ በመጋረጃው ስር ይቀመጣል።

እነዚህ ሁለት ድንበሮች ትልልቅ ድንበሮች ናቸው። ነገር ግን ለኪራይ ግቢ ብቻቸውን አይበቁም እላለሁ፤ በግቢ ኑሮ ሳይፈለግ ግልጽ ሆኖ የማይወጣ ነገር የለምና። ሳትሰልሉ የሁሉንም ገመና ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ያወቃችሁትን ወዴት ወሰዳችሁት? ጠባቂ ያየውን ይዞ ወደ ባለቤቱ ደጃፍ ይሄዳል፤ ሰላይ ያየውን ይዞ ከባለቤቱ ጀርባ ይሄዳል። ዓይናቸው አንድ ነው፤ እግራቸው ነው የተለያየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ወጥ ሲሠራ መረቁን እንዲያበዛና ጎረቤቶቹን እንዲያስብ መክረውታል። ጎረቤቱ እንደራበው የማያይ ሰው እንዴት ያስበዋል? እንግዲህ የታዘዝንበት ማየትም አለ፤ ይሁንና ያ ማየት የሚያበቃው በጎረቤቱ በር ላይ ሳሕን ይዞ በመቆም ነው።

ድስት ካነሳሁ አይቀር በጣና ዳር የሚኖሩትን ወይጦ ወንድሞቻችንን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ሐይቁን ከማንም በፊት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር፣ ሙስሊም ሆነው ሳሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለዘመናት ማዕዳቸውን ተጸየፈ። ቤታቸው ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በድስታቸው ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ ይላል። በእጃቸው የተሠራው ታንኳ ግን ሁሉንም ያሻግራል፤ እርሱን የተጸየፈ የለም። ያ ሁሉ የድስት ምርመራ ማንን ከምን ጠበቀ?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ያየሁትን ወደ ባለቤቱ ልውሰድ ብንል፣ ባለቤቱ ራሱ ጎጂው ሲሆንስ?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ በባሕር ዳር የ7 ዓመት ሕፃን ልጅ እናቷ ተከራይታ በምትኖርበት ቤት ተደፍራ ተገደለች። የተፈረደበት ሰው የቤቱ አከራይ ነበር፤ የተወሰነበትም 25 ዓመት እስራት ነው። ነገሩ አገር ምድሩን ያስለቀሰው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እናትየዋ አንደበቷን ከፍታ በተናገረች ጊዜ ነው። የሟቿንም የቤተሰቧንም ስም እዚህ አላነሳም፤ ሐዘናቸው ይበቃቸዋል። ላነሳው የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ «ፀጉረ ልውጥ» የምንለው ተከራይን ነው። መታወቂያ የምንጠይቀው፣ እንግዳውን የምንቆጥረው፣ የመግቢያ ሰዓቱን የምንመዘግበው ተከራይን ነው። የቤቱ ባለቤት ግን ፀጉሩ የታወቀ፣ አባቱ የታወቀ፣ ዕድሩ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አንመለከተውም። ጥርጣሬያችን ከአደጋው ጋር የሚሄድ አይደለም፤ ከባይተዋርነት ጋር ነው የሚሄደው። ክፉ ሰው ይህን ካወቀ ለመደበቂያ ጨለማ አያስፈልገውም፤ መታወቁ ይበቃዋል።

ከዚህ ያነሰ የሚመስለን፣ ግን በየሰፈሩ በየሳምንቱ የሚሆን ነገርም አለ። ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ ባል ሚስቱን ይመታል። ግቢው በሙሉ ነቅቷል፤ አንድም ሰው የተኛ የለም። አንዱ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፣ አንዷ ልጆቿን ብርድ ልብስ ታከናንባለች፣ ሌላው «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ ይገለበጣል። ነግቶ ቡና ሲፈላ ግን ሁሉም ያውቃል፤ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ምን ብሎ እንደሰደባት፣ እርሷ ምን ብላ እንደመለሰች፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ከአቦል እስከ በረካ ይተነተናል። እርሷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ወሬው ይቋረጣል። ሴትየዋ የምትፈራው ሌሊት ባሏን፣ ቀን ጎረቤቶቿን ነው። እነዚህ ሰዎች ጎረቤታቸውን አብዝተው የሚያስቡ ይመስላችኋል? ወሬው የደረሰበት ቦታ ሁሉ እነርሱ መድረስ የነበረባቸው ቦታ ነው። ያወሩትን ያህል ያገዙ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህም ቡናውን ጠጥተው ልባቸው አርፎ ይነሳሉ። ሰላም በሌለበት ሰፈር ሁልጊዜ ዕውቀት ጎድሎ አይደለም። አንዳንዴ የሚጎድለው «ምን ሆናችሁ? ሰላም ናችሁ?» ብሎ በሩን የሚመታ አንድ እጅ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት እሳት ሲነሳ ወይም ሌባ ሲገባ ፈቃድ መጠየቅ አያሻም ያሉት፣ ለሚጮኽ ሰው ጩኸቱ ራሱ ፈቃድ ስለሆነ ነው። በሩን መምታት ካልበቃም ጉዳዩን ሊያስቆም ወደሚችል ሰው፣ ወደ ሽማግሌም ሆነ ወደ ፖሊስ፣ መውሰድ ነው። ይህ መሰለል አይደለም። ከተመታችው ሴት ጀርባ አልሄዳችሁምና፤ የሄዳችሁት ስለ እርሷ ነው።

«ታዲያ ቤት ለሚገባው አዲስ ተከራይ ምን እናድርግ? ማን እንደሆነ ሳናውቅ ልጆቻችን ባሉበት ግቢ እናሳድረው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። በእነዚህ ዓመታት ከመኖሪያው ተፈናቅሎ፣ ፍራሹን በጋሪ ጭኖ ወደ ከተማችን የገባው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉንም መልአክ ነው ማለት የዋህነት ነው። ነገር ግን ስሙን ከእርሱ ከራሱ መጠየቅ እና ስሙን ከአከራዩ፣ ከዘበኛው፣ ከልጁ መልቀም አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ቀን ማታ አንድ ስኒ ቡናና ቁራሽ ዳቦ ይዛችሁ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ከየት ናችሁ?» ብትሉት፣ እርሱም እናንተን ያያል፤ ልጆቻችሁንም ያውቃል። የተጠየቀ ሰው መልሶ ይጠይቃል። የሚሰለል ሰው ግን መልሶ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ ስለዚህ ይደበቃል። ስትደበቅ ያየናት ሁሉ ደግሞ «ይኸው ትደበቃለች!» ትባላለች።

በምኖርበት ሰፈር ዘንድሮ የሮንድ ጥበቃ ሲደራጅ ተከራዮችን የሚመዘግብ አንድ ደብተር ተገዛ። ስም፣ የመጣበት አገር፣ ሥራ፣ አብሮት የሚኖር ሰው ብዛት የሚል መስመር ተሰመረበት። በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው ደብተሩ ከአከራዮቹ ይጀምር፣ ደግሞም በየትኛው ቤት ብቻዋን የምትኖር እናት፣ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር እንዳለ የሚያሳይ መስመር ይጨመርበት፣ ሌሊት የትኛውን በር ቀድመን እንደምናንኳኳ እንድናውቅ አሉ። አንዳንዶች አጉረመረሙ። አንድ አከራይ «በገዛ ቤቴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። የመጣበት አገር የሚለው መስመር ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀም ወጣት ነበር። ኮሚቴው አልወሰነም፤ ለመጪው እሑድ ተቀጥሯል።